የአቶ ደምመላሽ ጉርሻ

እሁድ ምሳ ላይ የአቶ ደምመላሽ ቀኝ እጅ ጉርሻ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

ጉርሻው የተጠቀለለው ለልጅ ልጃቸው ለኢዮስያስ ነበር። ስስ እንጀራ፣ ውስጡ የበግ ጥብስ፣ ዳር ዳሩን ለምልክት ያህል አዋዜ፤ ለስምንት ዓመት ልጅ አፍ የተለካ። ልጁ አፉን በመዳፉ ሸፈነና ከመዳፉ ጀርባ፣ "አመሰግናለሁ፣ የራሴ እጅ ይበቃኛል" አለ። አቶ ደምመላሽ ሳቁ። "በሞቴ" አሉት። ልጁ ያንኑ ደገመ። "አፈር ስሆን ብላልኝ" አሉት። ልጁ አሁንም ያንኑ ደገመ። ከዚያ በኋላ እጃቸው አልወረደም።

ጉርሻ ይዞ ልጅ መለማመጥ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ወሬው ቀጠለ፣ ጥብሱም አለቀ። የልጃቸው ሚስት ትርሲት ትሪውን ልታነሳ ስትመጣ ክንዳቸው መንገድ ዘጋባት።

"አባባ፣ እጅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።"

"ከፍ ማድረጉስ ባልከፋ" አሉ አቶ ደምመላሽ። "ዝቅ ማድረጉ ነው ያቃተኝ።"

"ያምዎታል?"

"ኧረ ምንም አያመኝም። ሥራ ላይ ያለ እጅ ነው የሚመስለው።"

የትርሲት ባል አንዱዓለም ተነስቶ የአባቱን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ጎተተ። አባትየው ከነወንበራቸው ተንፏቀቁ እንጂ ክንዳቸው ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ጉርሻውን እኔው ልብላውና ይገላገሉ ብሎ አፉን ከፈተ። የአባቱ ጣቶች ጉርሻውን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ኢዮስያስ ግን ውሃ ሊጠጣ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ የአያቱ እጅ ተከትሎት ዞረ። ልጁ ሲቀመጥ ዝቅ አለ፣ ሲቆም ከፍ አለ። ጉርሻው የማን እንደሆነ የሚያጠያይቅ ነገር አልነበረም።

አቶ ደምመላሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በየከተማው ምሳ ሲያርፉ ረዳቱን፣ ከጎን የተቀመጠውን ነጋዴ፣ ያለቀሰውን የሰው ልጅ ሁሉ ሲያጎርሱ ነው የኖሩት። በግራ እጅ እህል መንካት ግን ከሞት ይከፋባቸዋል። ስለዚህ ያን ቀን ራት ላይ አንዱዓለም አባቱን ማጉረስ ጀመረ። ሽማግሌው ያለ ምንም ልመና ጎረሱ። ደንቡ አዋቂን አይመለከትም።

ደንቡን የጻፈችው ትርሲት ነበረች።

ትርሲት ኢዮስያስ በሚማርበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃው ዩኒት ሊደር ናት፤ ከርእሰ መምህሩ ቀጥሎ የልጆቹን ውሎ የምትመራው እሷ ናት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆች ከልክ በላይ እየወፈሩ ነው ብሎ ሚዛን ገዝቶ መመዘን የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ሥራው እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። ወላጅ ተጠርቶ "ልጅዎ ከሚገባው በላይ ወፍሯል" ሲባል "ተመስገን!" ይላል። አንዲት እናት እንዲያውም ደስታዋን መቋቋም አቅቷት መምህሯን አቅፋ ስማታለች።

ትርሲት ግን የዋዛ ሰው አልነበረችም። ከረሜላ ከለከለች። ለስላሳ ከለከለች። ቺፕስና ኬክ ከለከለች። በግቢው ውስጥ የነበረችውን ሱቅ አዘጋች። ምሳ ዕቃው ሁሉ ካሮትና ጎመን፣ ኮዳው ሁሉ ውሃ ሆነ። ሚዛኑ ግን እንደ ድሮው ሽቅብ ነው። ግራ ሲገባት ወላጆቹን አንድ በአንድ እየጠራች ልጁ ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ ጠየቀች። ሁሉም እንደተማከረ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ፤ "ልጄማ ምንም አይበላም! በጉርሻ ነው የምናኖረው።"

"ጉርሻውስ?" አለች ትርሲት።

"ጉርሻ ምግብ ነው እንዴ?"

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠላት። አባት ከሥራ ሲገባ ያጎርሳል፣ አክስት መጥታ ታጎርሳለች፣ ጎረቤት ያጎርሳል፤ ይህን ሁሉ መብላት ብሎ የሚቆጥር አንድም ሰው የለም። በደንቡ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ "ተማሪ ከራሱ እጅ በስተቀር ከማንም እጅ አይጎርስም።" መዳፍን አፍ ላይ አድርጎ የሚባለውንም ቃል ራሷ ደርሳ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ አስጠናች። በደንብ እምቢ ላለ ልጅ አረንጓዴ ባጅ ተዘጋጀ።

ልጅ አዋቂን የሚያሳፍር ደንብ ካገኘ በደስታ ነው የሚያከብረው። ባጁ ባንድ ወር አለቀና ሌላ ታዘዘ። ሚዛኑ መውረድ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ትርሲት አማቿን ክሊኒክ ወሰደች። ሐኪሙ ትከሻቸውን ነካካ፣ ክርናቸውን መታ መታ አደረገ፣ ጉርሻውን አሸተተ። ገና ትኩስ ነበር። እንፋሎቱ ይታያል።

"ነርቩ ደህና ነው፣ አጥንቱም ደህና ነው" አላት። "ልጁ የት ነው የሚማረው?"

ትርሲት አማቿን ደግፋ ወጣች። ውጭ መጠበቂያው ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ዶሮ ወጥ ይዘዋል፤ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ጨጨብሳ በማር። አግዳሚው ዙሪያውን ስለሆነ ፊታቸው ወደተለያየ ቦታ ነው፤ እጆቻቸው ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ነበሩ። ትርሲት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ መታወቂያ ቀስ ብላ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

ሰው የማይለምደው ነገር የለምና ሰፈሩ ለመደው። ታክሲ ውስጥ እጁ የቀረ ሰው መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ መስኮቱ ይከፈትለታል። ሰላምታ በግራ ክርን ሆነ። ማዞሪያው ላይ የሚቆመው የትራፊክ ፖሊስ ልጁን ቁርስ ላይ ሊያጎርስ ሞክሮ ኖሮ እንቁላል ፍርፍር ይዞ ሥራ ገባ፤ በዚያ በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ማንም ጥሩምባ አልነፋም። ሰውዬው የልጅ ጉርሻ ይዟል፤ ምን ይባላል?

ትርሲትን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ጉርሻው እያደገ ነው። እሁድ ዕለት አውራ ጣት የሚያህል የነበረው ሐሙስ ብርቱካን አከለ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ተመዘኑ፤ ኢዮስያስ ቀንሷል፣ ክፍሉ በሙሉ ቀንሷል፣ መምህራኑ አጨበጨቡ። ትርሲት ከሰዓት ቤቷ ስትገባ የአማቿ ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት አክሎ አገኘችው። ከልጆቹ ላይ የወረደው ኪሎ የት እንደሚሄድ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጠይቃ አታውቅም ነበር። አሁን ክንዳቸው ሥር ትራስ ደርድራ እየደገፈችው ተረዳች፤ ዛሬ እንኳ ልጁ አፉን ቢከፍት በግድ ነው የሚገባው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ያኔ እጃቸው እንደተሰቀለ ይቀራል፣ ሽማግሌውም ከነጉርሻቸው ይቀበራሉ። ፈራች። ደግሞም በጣም ስትወዳቸው ነው የኖረችው፤ ከገዛ አባቷ ይልቅ እሳቸው ናቸው ሠርጓ ላይ ያለቀሱት።

ልጇን መኝታ ቤት ጠራችው።

"ዮሲዬ፣ የአባባን ጉርሻ ብላላቸው።"

"አይፈቀድም፣ ማሚ።"

"ደንቡን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እኔው ፈቅጄልሃለሁ።"

ኢዮስያስ አሰበበት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አያቱንም ይወዳል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ሰልፍ ላይ አልተነገረንም" አላት።

እውነቱን ነው። አልተነገራቸውም።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩን አቶ ሽመክትን ለማነጋገር ቢሯቸው ገባች። አቶ ሽመክት ከሌላ ክፍለ ከተማ ልምድ ሊቀስሙ የሚመጡ እንግዶችን የት እንደሚያስቀምጡ እያሰቡ ነበር።

"ደንቡ መሻር አለበት" አለች ትርሲት። "የወላጆች እጅ እየቀረ ነው።"

"ሰምቻለሁ። ያሳዝናል" አሉ አቶ ሽመክት፣ እውነትም አዝነው። "ግን ወይዘሮ ትርሲት፣ እጅ የወላጅ ጉዳይ ነው። እኛ የምንመዝነው ልጅ ነው።"

"ጉርሻው እያደገ ነው።"

"እሱንም አንመዝንም።"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አቶ ሽመክት ዴሞክራሲያዊ ሰው መሆናቸውን አስታውሰው ጉዳዩን ለወላጆች ስብሰባ አቀረቡት። ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጠረኑ የሠርግ ቤት ነበር። ወላጆቹ እጃቸውን ወደ ግቢው፣ ልጆቹ ኳስ ወደሚጫወቱበት አዙረው፣ እንዳይነካኩ እየተጠነቀቁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጉርሻው ክብደት ያደከማቸው የሌላ ሰው ትከሻ ተውሰዋል።

አቶ ሽመክት መድረክ ላይ ቆሙ። "ደንቡ ይጽና የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

አዩ። የወጣው እጅ የትየለሌ ነው።

"ደንቡ ይሻር የምትሉስ?"

አሁንም ያው ነው። አንዲት እናት፣ "የኔ ለሁለተኛው ነው! ለመጀመሪያው አይደለም!" ብላ ጮኸች። አቶ ሽመክት ድምፅ የሚሰጠው በእጅ እንጂ በአፍ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዷት።

"ሁለቱም ሐሳቦች በሙሉ ድምፅ አልፈዋል" አሉ። "በአሠራራችን ቀድሞ የቀረበው ይጸናል። ለተሳትፏችሁ እናመሰግናለን።" ጭብጨባ ጠበቁ፤ በአንድ እጅ ማጨብጨብ ስለማይቻል አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ትርሲት ወደ ሰልፉ ፊት ወጥታ ማይክሮፎኑን ከመምህሩ እጅ ተቀበለች። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ልጅ ከእናቱ፣ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከሚወደው ሰው እጅ መጉረስ ይችላል አለች። የቀረበላችሁ ጉርሻ ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ብሉ አለች። ስህተቱ የኔ ነው፣ አለች።

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

"ሚስ፣ ትልቅ ከሆነስ?"

"ትንሽ ትንሽ እያላችሁ" አለች ትርሲት። "እስኪያልቅ።"

አቶ ሽመክት ከሰልፉ በኋላ ቢሯቸው ጠርተው ሻይ አቀረቡላትና ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገሯት። እንግዶቹ በመንገድ ላይ ነበሩ። ትርሲት ሻዩን ጠጥታ አመሰገነች፤ ልጇንም ከክፍል አውጥታ ይዛው ሄደች። ሥራዋን ማጣቷ ያን ሰዓት ምንም አልመሰላትም። ስትሮጥ ጫማዋ ወልቆ አንዴ ተመልሳለች።

ሳሎን ውስጥ ለጉርሻው ሶፋው አልበቃውም ነበር። አንዱዓለም ሁለት ወንበርና የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ደግፎበታል። ከበስተኋላው አቶ ደምመላሽ በደንብ አይታዩም፤ ከስተዋል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ክንዳቸው ብቻ እንደ ድሮው ቀጥ ብሏል። የጥብሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እንጀራው ልስልስ እንዳለ ነው።

"አባባ፣ ዮሲ መጥቷል" አለች ትርሲት።

"አየሁት፣ እጄ ነገረኝ" አሉ ከወዲያ በኩል። "ልጄ፣ አደራሽን እንዳታስገድጂው። ጉርሻ በግድ አይሆንም።"

ኢዮስያስ ቦርሳውን አስቀመጠ። ጫማውን አላወለቀም። ጉርሻው ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየው።

"በአንዴ አይገባም" አለ።

"በሞቴ" አሉ አቶ ደምመላሽ ቀስ ብለው።

ልጁ አፉን ከፈተ። ትርሲት ይህን አፍ ሲከፈት ካየች ስንት ጊዜ እንደሆናት ያን ጊዜ ነው የገባት፤ እንባዋ ዝም ብሎ ፈሰሰ። ኢዮስያስ ከእንጀራው ጠርዝ ገመጠ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ደግሞ ገመጠ። በትምህርት ቤት እንደተማረው አፉን ዘግቶ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያዝረከርክ ነበር የሚበላው። ጥቂት ቆይቶ ጉርሻው ላይ የጭንቅላቱን ያህል ጎድጓዳ ተበጀ፤ እሱም ውስጡን ለመብላት ጭንቅላቱን አስገባ። ከዚያ ትከሻውን አስገባ።

"ይጣፍጣል?" አሉት አያቱ።

"አዎ አባባ" አለ ከውስጥ። "ውስጡ ሰፊ ነው።"

እየበላ ገባ። ወገቡ ገባ። እግሮቹ ወንበሩን ረግጠው ትንሽ ተወራጩና እነሱም ገቡ። ለተወሰነ ጊዜ የማላመጥ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጉርሻው ከውጭ ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ መጣ፤ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ቀለለው፣ ወንበሮቹ ተራ በተራ ነፃ ወጡ። ትራስ አከለ፣ ብርቱካን አከለ፣ አውራ ጣት አከለ። የአቶ ደምመላሽ ጣቶች በቀስታ ተከደኑ። ቀጥሎ ክንዳቸው ወረደና ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

"በላልኝ!" አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው በርቶ። "በላልኝ የኔ ጌታ! ተባረክ!" መዳፋቸውን ዘረጉት። ምንም የለበትም፤ ትንሽ ቅባት ብቻ።

አንዱዓለም ጠረጴዛው ሥር አየ። ከበሩ ጀርባ አየ። መኝታ ቤት ገብቶ ወጣ። "ዮሲ?" አለ። ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ "ዮሲ!"

"እስቲ አስታጥቡኝ" አሉ አቶ ደምመላሽ።

ትርሲት ጆግና ሳፋ አመጣች። ሌላ ምን እንደሚደረግ አታውቅም ነበር። ሳፋውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ በተዘረጋው መዳፍ ላይ ውሃውን አፈሰሰች። ውሃው መዳፉ ላይ ወረደ፤ ሳፋው ውስጥ ግን ጠብ አላለም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ከመዳፉ መሐል የመዋጥ ድምፅ ይሰማል፤ የተጣደፈ፣ ብዙ የበላና የጠማው ልጅ የሚያሰማው ዓይነት።

"ቀስ" አለች። "ቀስ ብለህ፣ የኔ ልጅ።"

ጆጉ አለቀ። አንዱዓለም በባልዲ አመጣ። ሌሎቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ከጎረቤት ግቢም የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ከቀጣዩ ቤት፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ። አቶ ደምመላሽ እጃቸውን ላለማንቀሳቀስ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ትርሲት እየቀዳች ታፈሳለች፣ እየቀዳች ታፈሳለች፤ ሳፋው ደረቅ ነው።